አንዴ ብቻ የሚጠራ

የእጅ ሰዓቷ አንዴ ነዘረቻትና ዝም አለች። ተናኜ ከእንቅልፏ አልባነነችም፤ እንቅልፍ ከጧት ጀምሮ ደጇን አልረገጠም፤ እንዲሁ ዓይኗን ጨፍና፣ ከላይኛው አልጋ እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ብርሃን እንዳያስገባ በእግሯ ጣት ወጥራ ይዛ፣ ጋደም ብላለች። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አገር የገበያ አዳራሽ ሲወለውሉ አድሮ ቀን ቀን መተኛት ሦስት ዓመት ሙሉ አልለመድ ያላት ነገር ነው። እናቷ ቢያዩ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ አራስ ነው ይሏት ነበር። ደግማ ነዘረች እንዴ? አልነዘረችም። አንዴ ነው። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት በስቲያው። ግራ እጇን ከአንሶላው አውጥታ ወደ ፊቷ አቀረበችው፤ ትንሿ መስታወት በራች፣ ያው ጽሑፍ መጣ፣ ተናኜም እንደ ሁልጊዜው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል አነበበችው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ታነባለች፣ ቶሎ አታነብም እንጂ። «ለመግባት እየሞከሩ ያሉት እርስዎ ነዎት?» ከሥሩ ቀጠን ብሎ፣ «ከአዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ አቅራቢያ።» ከዚያ አረንጓዴ ክብ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀይ ክብ፤ አይ፣ እኔ አይደለሁም።

እርስዎ! መጀመሪያ ሰሞን ያስቃት ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንቱ ያላት ፍጡር ይህች ሰዓት ብቻ ናት። አለቃዋ በጣቱ ነው የሚጠራት። ሰዓቷ ግን ማታ ማታ፣ የሥራ መግቢያው በር ላይ ሱፐርቫይዘሩ ታብሌቱን ይዞ ስሟን ሲነካ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ያለች ይመስል «እርስዎ ነዎት?» ትላታለች፤ ተናኜም አረንጓዴውን ትነካለች፤ ያን ጊዜ ተናኜ መጥታለች፣ ሥራ ገብታለች ማለት ነው። ካልነካች ፊት ለፊቱ ተገትራ ብትቆም እንኳ አልመጣችም። ይህን ለእናቷ ለእማማ አምለሰት በስልክ ስትነግራቸው፣ «እንዴ! ዓይኑ እያየሽ?» ነው ያሉት። ዓይኑ እያየኝ፣ እማዬ። «ታዲያ እሱ ዓይነ ስውር ነው?» አይደለም፣ ሕጉ ነው። «ምን ያለው ሕግ ነው፣ ሰው በቁሙ መኖሩን ለሰዓት የሚያስመሰክር» ብለው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሰዓቷን ያስገዛቻት ዮርዳኖስ ናት፣ ከበላይዋ የምትተኛው የአዲስ አበባ ልጅ፤ «ስልክሽ በጮኸ ቁጥር ስምንት ሰው ነው ሚነሳው፣ እህቴ። ይቺን እሰሪያትና አንቺን ብቻ ትቀስቅስሽ» ብላ። አማርኛ እንድትናገር አድርጋ ያስተካከለችላትም እሷው ናት። እውነትም ሰዓቷ ድምፅ የላትም። አንጓዋን ያዝ አድርጋ ነው የምትቀሰቅሳት። ያዝ አድርጋ፣ ልክ እንደ… ተናኜ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሐሳቧን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች።

ማነው ግን በየቀኑ በዚህ ሰዓት? እዚህ ሰባት ሰዓት ሲሆን አገር ቤት ስድስት ነው። አዲስ አበባ ማንም የላትም። አዲስ አበባን የምታውቀው በደላላው ቤት ነው፣ ሁለት ቀን፣ አሥራ አንድ ሴት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ፤ ፓስፖርታቸውን ሰብስቦ ወሰደ፣ ፎቶ አነሳቸው፣ የስልክ ቁጥራቸውን ጻፈ፣ ስማቸውን እስከ አያት ጠየቀ። የአያቷን ስም ስትነግረው ምን ያደርግለታል ብላ እንኳ አላሰበችም፤ ተጠየቀች፣ ነገረች። እሱ ይሆናል። ወይ የእሱ ወዳጅ። ደግሞ አንዴ ተቃጥላለች። የመጣች ሰሞን፣ ገና ስልኩን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ በምትይዝበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣላት፤ አንድ ሰው ልግባ ይላል። ተናኜ ምን ታውቃለች? አገሯ ማንኩሳ፣ እነሱ ቤት፣ መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ካለ እናቷ ማንነቱን ሳይጠይቁ «ይግቡ!» ነው የሚሉት፤ ስሙ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ ጉሮሮው ከረጠበ በኋላ ነው። ደጅ የቆመን ሰው አይ ማለት ነውር ነው። አረንጓዴውን ነካች። የገባው ሌባ ነበር። በእሷ ስም ሆኖ፣ በእሷ ፎቶ፣ ለዘመድ ሁሉ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ልሞት ነው፣ ድረሱልኝ ብሎ ጻፈ። እናቷ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ሚካኤል ደጅ ወድቀው ሰነበቱ። እሷ እዚህ ደህና ሆና እየበላች። ዮርዳኖስ ናት ቀንና ሌሊት ታግላ ያስመለሰችላት፤ ከዚያ ሁለቱን ጉንጮቿን ይዛ «ስሚ! አንቺ ካልሆንሽ ቀዩን ነው። ጳጳስ ቢሆን ቀዩን! ገባሽ?» አለቻት። ገባኝ።

ገብቷታል። እንዲያውም ሲገባት ወደ ሌላው የአገሯ ደንብ ዞረች። ምክንያቱም «ቤቶች» ያለ መንገደኛ ሌላ ነው፣ በስም መጠራት ሌላ። በስምሽ ስትጠሪ፣ ጠሪው ካልታየሽ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም። ክፉ ነገር አንዴ ነው የሚጠራ፣ መድገም አልተሰጠውም፤ ሰው ግን ይደግማል፣ ይሠልሳል። እናቷ ይህን ያስተማሯት ጭራሮ ለቅማ ስትመለስ ነው፣ ሰባት ዓመቷ ይሆናል፤ ከባሕር ዛፉ ውስጥ «ተናኜ!» የሚል ድምፅ ሰማች፣ «አቤት» ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፋቸው ከደኑት፤ መዳፋቸው ቃሪያ ቃሪያ ይሸት ነበር። ቆሙ። ጠበቁ። ወፍ ብቻ። «አየሽ» አሏት፣ «ሰው አይደለም።» እስከ ዛሬ ማን እንደ ጠራት አታውቅም። ሰዓቷም አንዴ ነው የምትነዝረው። ተናኜ በየቀኑ ትጠብቃታለች፤ ሰው ከሆነ ይደግማል ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንጓዋን እያየች፤ ያ ጽሑፍ ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው፣ ሳይደግም ሲቀር፣ ያን ጊዜ ቀዩን ትነካለች። ዛሬም ጠበቀች። አልደገመም። ነካችው። መስታወቷ ጠቆረች። ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ግድግዳው ላይ በእስኪርቢቶ እየጫረች ትቆጥራለች።

ቀዩን የምትነካው ለራሷ ፈርታ ብቻ አይደለም። ለራሷማ ምን አላት? የምትፈራው ውስጥ ላለው ነው። በዚያ ኢንተርኔት ላይ በስሟ በተከፈተው ቤት ውስጥ ፎቶዎቹ አሉ፤ ከሁሉ ደግሞ አንዱ። ሌባው ያኔ ሲገባ ደግነቱ አልነካውም፤ አሁን ቢገባ ያጠፋዋል፣ ከጠፋ በቃ፣ የትም የለም። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ፣ ልትሄድ ስትል፣ ወንድሟ አለበል ነው የከፈተላት፤ አሮጌ ስልኳ ላይ ያለውን ሁሉ እዚያ አስገባና «እታለም፣ ስልኩ ቢሰበር እንኳ ይሄ አይጠፋም፤ የይለፍ ቃሉ የልጅሽ የፍሬ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነው፣ ይህን አትረሽም» አላት። ፎቶው የበርበሬ ነው። ማለት በበርበሬ ጊዜ የተነሳ ነው። ግቢው ሙሉ ሰሌን ተዘርግቷል፣ ሰሌኑ ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል፣ እንዲህ ያለ ቀይ እዚህ አገር በመብራት እንኳ አይገኝም፤ ባሏ ያረጋል ቁምጣውን እንዳደረገ ዳር ቁጭ ብሎ ሊያስነጥስ አፍንጫውን ሰብስቧል፣ ሊስቅ ነው ወይስ ሊያስነጥስ አይታወቅም፤ በዓመቱ ሞተ፣ ደረቱን አሞት ፍኖተ ሰላም ወስደውት ሳይመለስ። ሌላ ፎቶ የለውም። መታወቂያው ላይ ያለው እሱን አይመስልም። በእሱና በእሷ መካከል ልጃቸው ፍሬሕይወት አለች፣ የሁለት ዓመት፣ እናቷን አንጓዋ ላይ በሁለት እጇ ጥምጥም ብላ ይዛ።

አንጓዋ ላይ። በርበሬ የቀነጠሰች እጅ ልጅ አይነካባትም። ሦስት ጊዜ ብትታጠብ፣ በአመድ ብታሽ፣ ማታ እንኳ ያቃጥላል፤ አንዴ የፍሬን ዓይን ሳታስበው ጠርጋ ልጅቷ ስትጮኽ አድራለች፣ ተናኜም አብራ ስታለቅስ። ከዚያ በኋላ በርበሬ በገባ ቁጥር መዳፏን ጭብጥ ታደርግና «እዚህ ጋ ያዢኝ» ትላታለች፣ አንጓዋን ትሰጣታለች። ልጅቷም ለመደች። በርበሬው አልቆ፣ ክረምት ገብቶ፣ እጅ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ እንኳ መዳፍ አትይዝም፤ ሲያንሸራትት፣ የላህን ወንዝ ሲሻገሩ፣ ውሻ ሲመጣ፣ ሰው ሲበዛ፣ አንጓ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ «ይች ልጅ እስረኛ ይዛ የምትሄድ ፖሊስ ትመስላለች» ይላል ያረጋል። ይላል ትላለች ተናኜ አሁንም፣ ይል ነበር አትልም፤ ከዚህ አልጋ ላይ ሆና ያረጋል መሞቱ ራቅ ያለ ወሬ ነው፣ ልጇም ሁለት ዓመቷ ነው፣ አራት ነው፣ ሰባት ናት። ሰባት ዓመቷ። ከኅዳር ጀምሮ ቡሬ አለበል ቤት ሆና አንደኛ ክፍል ትማራለች። ሰዓቷ የታሰረችው ልጅቷ የምትይዝበት ቦታ ላይ ነው፣ ከእጇ ጉልጥምት በላይ፣ ላብ አበስብሶት ነጣ ያለው ላይ። ይኸው፣ የሸሸችው ሐሳብ ዞሮ መጣ።

እና ደግሞ ልጅቷ ስልክ እምቢ ብላለች። ይሄ ነው እንቅልፍ የከለከላት፣ ሌባው አይደለም፣ ሌባውም ነው፣ ግን ይሄ ይበልጣል። እሑድ ትደውላለች፤ «ፍሬን አቅርቧት» ስትል የአለበል ሚስት ህይወት «እንዴ፣ ተኝታለች እኮ» ትላታለች። በቀትር? በሚቀጥለው እሑድ «ጨዋታ ላይ ናት፣ ጎረቤት ሄዳ።» በሚቀጥለው «ጸጉሯን እየተሠራች ነው።» ጎጃም ሰው ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይነግርሽም፤ ጸጉር ይሠራልሻል። አንድ ቀን ግን ስልኩን ሳይዘጉት ቀርተው የልጅቷን ድምፅ ሰማች፣ ቅርብ ነው፣ እዚያው ነበረች፤ «አላናግራትም አልኩ አይደል!» አለች። አላናግራትም። እማዬን አይደለም፣ እሷን። ያን ዕለት ሌሊት ተናኜ አንዱን መስታወት አራት ጊዜ ወለወለችው።

ተነሳች። ብርድ ልብሱን ገልጣ በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች፣ ያለው አንድ ሶኬት እዚያ ነው፣ ስልኳ ተሰክቷል። ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። ለአለበል ልትነግረው ነው። እሱ ቡሬ ካምፓስ የተማረ ነው፣ ያውቃል፤ ሌባውን ከሥሩ የሚነቅልበት ዘዴ አያጣም። ኔትወርኩ በሦስተኛው ያዘ።

«ሃሎ፣ እታለም! ምነው ደህና? በሥራ ቀን?»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ስማ አሌ፣ አንድ ሌባ ይዞኛል።»

«ምን? የት?»

«ኧረ በሰዓቴ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። በየቀኑ በስሜ ልግባ ይላል። እኔም እከለክላለሁ፣ እሱም አይሰለች። ይኸው ሃያ ሦስት ቀኑ። የሆነ ሥራ ፈት፣ የእናቱ ልጅ ያልሆነ፣ ልክ በቀትር…»

«በስንት ሰዓት?» አለ አለበል። ድምፁ ተለወጠ።

«በእናንተ ስድስት ሰዓት። ስድስት ከሩብ ግድም።»

 መኪና ሲያልፍ ሰማች፣ ባጃጅ ሲነፋ፣ የቡሬን መንገድ ሙሉውን ሰማችው፣ የወንድሟን ድምፅ ግን አጣችው።

«አሌ? ተቆረጠ እንዴ?»

«እታለም» አለ፣ «ቀዩን የምትጫኚው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይጫነዋል?»

«አንቺ ተኝተሽ ስትቀሪ በራሱ የሚከለክል መስሎን ነበር እኮ። አዲስ አበባ አይደለም። የእኛ አገር መስመር ሁሉ በአዲስ አበባ በኩል ስለሚወጣ ነው፣ ቡሬም ብትሆኝ ማንኩሳም አዲስ አበባ ብሎ ነው የሚጽፍብሽ። ፍሬ ናት።»

ተናኜ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ አስጠጋችው።

አለበል ነገራት፤ እየተንተባተበ፣ አንዱን ጀምሮ ሌላውን እየቀደመ። ትታላቸው የሄደችው ያ አሮጌ ስልክ ተበላሽቶ ሠሪ ቤት ወሰዱት፣ ሠሪው ውስጡን አጥቦ ባዶውን መለሰው፣ ፎቶው ሁሉ ሄደ። ፍሬ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ አንዲት ልጅ «አንቺ እናትም አባትም የለሽም፣ አሳዳጊ ነው ያለሽ» ብላታለች፤ «አሉኝ፣ ፎቷቸውን አመጣለሁ» ብላ ተወራርዳ መጣች። ሠሪው፣ ፎቶው አልጠፋም፣ በስሟ ከገባችሁ ይወርዳል፣ ግን እሷ ከዚያ መፍቀድ አለባት፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትሞክሩ ይቆልፍባችኋል፣ በቀን አንዴ ብቻ አላቸው። አንዴ ብቻ። «እኔም እታለምን አላስቸግር አልኩ፣ ሌሊት ስትሠራ አድራ ቀን ትተኛለች፣ እሑድ እነግራታለሁ አልኩ፤ እሑድ ደግሞ ልጅቷ ካኮረፈች ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጠፋኝ፣ በኋላ ይስተካከላል ብዬ… ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ሳታስቀምጥ አሮጌውን ስልክ ትቀበለኛለች፣ ራሷ ነው የምትጫነው፣ ማንንም አታስነካም። ያ ክብ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ዓይኗን አትነቅልም። ከዚያ ተከልክሏል ይላል። እታለም፣ ማንበብ የጀመረችው በሱ ነው እኮ። ተ ከ ል ክ… ሏ ላይ ደርሳ፣ ‘ይህችኛዋ ማናት?’ አለችኝ፤ ሏ ናት አልኳት። ከዚያ ማን ነው የከለከለው አለች። እኔ ምን ልበላት? እናትሽ ናት የምትከፍተው ብዬ ነግሬያት ነበር።»

ሃያ ሦስት ቀን። ደብተሯን ሳታስቀምጥ። እኔ እየጠበቅሁ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል እያልኩ፤ እሷም አንዴ ጠርታ፣ መድገም ተከልክላ። የክፉ ነገር ምልክት ነው ያልኩት የልጄ ነበር። ተናኜ አንጓዋን በሌላ እጇ ጨመቀችው። አሁን የዛሬ ሦስት ዓመት ጧት ነው፣ ማንኩሳ ነው፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ጤዛው እግሯን ያቀዘቅዛታል፤ ሻንጣዋን ይዛ ከእናቷ ቤት ወጥታለች፤ ሚኒባሱ መንገዱ ላይ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ተኝታለች፣ ሳትነቃ ልሂድ ብላ ነው፣ ከነቃች አንጓዋን ትይዛለች፣ ከያዘች መሄድ የለም። አጥሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ልብ፣ «እማዬ» የሚል ድምፅ መጣ። አንዴ። ተናኜ ቆመች። ወዬ ልትል አፏን ከፈተች፤ ማንም አልከደነባትም፣ ራሷ ከደነችው። ከደገመች እመለሳለሁ አለች። እግዜር ያያል፣ ከደገመች ሻንጣውን ጥዬ እመለሳለሁ። ወፍ ብቻ። ሰው አይደለም አለች በልቧ፣ ሕልም ነው፣ ሰው ቢሆን ይደግም ነበር። አጥሩን ከፍታ ወጣች። ለማንም አልነገረችም፤ ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም። በሦስት ዓመት ውስጥ ለራሷም ሙሉውን ነግራ አታውቅም፣ ዛሬ ነው።

«አሁን የት ናት?» አለች።

«ይኸው እዚህ ናት፣ በሩ ጋ። ዛሬም ሞክራ ከለከልሽን። አሁን አንቺ እንደሆንሽ አውቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ፍሬ፣ ነይ እስኪ እማዬ ናት።»

«አላናግራትም!»

«እንደሱ አይባልም እኮ!»

«ተዋት፣ አሌ። ተዋት። ስልኩን ድምፁን ጨምረህ ወደ እሷ አዙርልኝ። አትስጣት፣ ብቻ አዙርልኝ።»

አዞረው። ተናኜ ምን እንደምትል አታውቅም። ሌባ መሰልሽኝ ትበላት? አዲስ አበባ መሰልሽኝ? የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይገባታል፤ ከዚህ ሁሉ ደግሞ አያቷ ያቺኑ የጥሪ ደንብ አስተምረዋታል፣ ታውቃታለች።

«ፍሬሕይወት!» ብላ ጠራች።

ምንም። የላይኛው አልጋ ተንቋቋ።

«ፍሬሕይወት!»

የባጃጅ ድምፅ። የልጅ ትንፋሽ ይሁን የመስመሩ ነፋስ፣ አይለይም።

«ፍሬዬ! እኔ ነኝ። የበርበሬዋ። አንጓዬን የምትይዥኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው፣ አጥፍቻለሁ። ነገ አልልሽም፣ አሁን ጥሪኝ። አንዴ ይበቃኛል።»

እግር ሲሮጥ ተሰማ። አለበል «ውይ፣ ሮጣ ወጣች! ፍሬ! ስልኩን… ኧረ ያንን አሮጌ ስልክ የት ይዘሽ…» ሲል መስመሩ ተቆረጠ።

ደግማ ደወለች፣ የለም። ደወለች፣ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አላት። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ኔትወርኩ ሄዷል ማለት ነው፣ የእነሱ አገር ኔትወርክ ደግሞ ሲሄድ አንዳንዴ ሳምንቱን ይሄዳል። ሠሪው ያለውም አለ፣ በቀን አንዴ፣ ዛሬ አንዴ ሞክራለች፤ ቆልፎባት ይሆናል። ወይም ልጅቷ ስልኩን ይዛ የሮጠችው ልትደብቀው ነው፣ በንዴት ጉድጓድ ልትጨምረው ነው፣ የአባቷ ልጅ ናት፣ ስትናደድ አታስብም። ያረጋል አንዴ ከእሷ ተጣልቶ የራሱን ጫማ ወንዝ ጥሎ በባዶ እግሩ የተመለሰ ሰው ነው። ሳቅ መጣባት፣ አብሮ እንባ መጣባት። ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ አጋደመች፣ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን ጭብጥ አድርጋ፤ ለምን ጭብጥ እንዳደረገችው አላወቀችም፣ እዚህ አገር በርበሬ የለም። ቁጭ አለች። ከበሩ ሥር የገባችው ብርሃን ከእግሯ ጣት ወደ ተረከዟ ተዛወረች። አሁን ልጅቷ ቡሬ ውስጥ የት ናት? ያቺ የእህል መጋዘን ጥግ ይሆናል፣ ወይ ከቤቱ ጀርባ፣ ያ ሾላ ሥር፣ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ ስልክ አስቀምጣ፣ በዚያች ትንሽ ጣት ስሟንና የተወለደችበትን ዓመት እየጻፈች፣ እየተሳሳተች፣ እየደለዘች። ጻፊ፣ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ። ማንም አይቀማሽም።

ሰዓቷ አንጓዋን ያዝ አደረገቻት።

ተናኜ ጽሑፉን እስኪያልቅ አላነበበችውም፤ እርስዎ ማለቷን፣ አዲስ አበባ ማለቷን አላየችም። ሁለተኛውን አልጠበቀችም። ጣቷ አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ድምፅዋ ከደረቷ ወጣ፣ እንደ አገሯ፣ ከማሳው ማዶ ወደ ቤት እንደሚጮኽ ሰው፤ «ወዬ!»

አልጋዎቹ ሁሉ ተንቀሳቀሱ። «ሱብሃነላህ!» አለች አንዷ። ዮርዳኖስ ጸጉሯ ተንጨብርሮ ከላይ ብቅ አለችና ዓይኗን እያሸች አየቻት፣ ወለሉ ላይ፣ በባዶ እግሯ፣ አንጓዋን ጉንጯ ላይ ለጥፋ።

«አንቺ! ምን ሆነሻል? ማን ጠራሽና ነው?»

«ልጄ።»

«ምንም አልሰማሁም እኮ።»

«አንዴ ነው የጠራችኝ» አለች ተናኜ።